ከላይና ከታች ማደብዘዝ ብቻውን ከተማን አሻንጉሊት አያስመስልም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የእውነተኛ ከተማን ፎቶ የአሻንጉሊት ከተማ ስለሚያስመስለው የ«ቲልት ሺፍት» አሠራር በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ያወጣችሁትን አጭር መመሪያ አይተነዋል። እኛ ሥራችን ፎቶ ማረም ስለሆነ ርዕሱ ቦታ ማግኘቱ አስደስቶናል። መመሪያው ግን «ሌየሩን አባዙት፣ ጋውሲያን ብለር ስጡት፣ መሀሉን በማስክ ግለጡት» ብሎ ያበቃል፤ ማለትም የፎቶውን ንብርብር (ሌየር) ቅጂ ጋውሲያን በሚባለው የተለመደ ማደብዘዣ (ብለር) አደብዝዞ፣ በመሸፈኛ (ማስክ) መሀሉን ጥርት አድርጎ ማሳየት ነው። በዚህ መንገድ የሚሠራ ፎቶ ከላይና ከታች ጭጋግ የወረደበት ፎቶ ይሆናል እንጂ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሞዴል አይመስልም። ችግሩ ያለው ብለሩ ላይ ሳይሆን ብለሩ የሚሰጥበት ቦታና ዓይነት ላይ ስለሆነ፣ ለሞከሩትና ላልሆነላቸው አንባቢዎች ይህን ጻፍን።

በመጀመሪያ ዓይን የሚታለልበትን ምክንያት መያዝ ያስፈልጋል። በፉል ፍሬም (የ35 ሚሊሜትር ፊልም ያህል ዳሳሽ ባለው) ካሜራ ላይ የተገጠመ 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳው ኤፍ 8 ላይ ሆኖ (ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል) 50 ሜትር የሚርቅ ነገር ላይ ፎከስ ቢያደርግ፣ ከ9 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ያው ሌንስ በዚያው ቀዳዳ ግማሽ ሜትር ላይ ፎከስ ሲያደርግ ግን ጥርት ብሎ የሚወጣው ክፍል 5 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ፊቱም ኋላውም የደበዘዘ ነገር ስናይ «ካሜራው ተጠግቷል፣ ነገሩም ትንሽ ነው» ብለን እንደመድማለን። በዚህ ላይ ሁሉም መመሪያ ይስማማል። ብዙዎቹ የሚዘሉት ቀጥሎ ያለውን ነው፦ በእውነተኛ ፎቶ ላይ የብለሩ መጠን የሚወሰነው አንድ ነገር ከካሜራው ባለው ርቀት ነው። በፎቶው ላይ ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ መታየቱ በራሱ ምንም አይለውጥም። እ.ኤ.አ. በ2010 በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የእይታ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል፤ ብለሩ ከርቀቱ ጋር አብሮ ሲጨምር ተመልካቾች ቦታውን ትንሽና ቅርብ አድርገው ይገምቱታል፣ ርቀቱን ትቶ በሌላ አቅጣጫ ሲሄድ ግን ማሳመኑ ይዳከማል።

ታዲያ ከላይና ከታች ማደብዘዝ አንዳንዴ ለምን ይሠራል? ሜዳ ላይ ስለሚሠራ ነው። ከከፍታ ወደ ታች በሚታይ ጠፍጣፋ መሬት ላይ፣ ፎቶው ላይ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር መሬቱ ይርቃል። እንዲያውም ሒሳቡ ሲሠራ፣ ሌንስ በጠፍጣፋ መሬት ላይ የሚፈጥረው ብለር ከፎከሱ መስመር ወደ ላይም ወደ ታችም በእኩል እርምጃ እያደገ ነው የሚሄደው። ቀጥ ያለ ግራዲየንት (ቀስ በቀስ የሚለወጥ ሽግግር) ለባቡር ሐዲድ፣ ለወደብ፣ ለስታዲየም ሜዳ፣ ለመኪና ማቆሚያ የሚስማማው ለዚህ ነው። ፎቁ፣ ዛፉ፣ የመብራት ምሰሶው ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይበላሻል። የአንድ ፎቅ እግሩም አናቱም ከካሜራው ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ነው፤ ግራዲየንቱ ግን እግሩን አጥርቶ አናቱን ያጠፋዋል። ተመልካቹ ምን እንደጎደለ ባያውቅም «ይሄ ፎቶ ተነክቷል» ይላል።

ስለ እውነተኛው ሌንስ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። ቲልት ሺፍት ሌንስ ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎች አሉት፤ ማዘንበልና ወደ ጎን መንሸራተት። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1973 ለ35 ሚሊሜትር ፊልም ካሜራ ያወጣው ሌንስ ሁለቱንም ይዞ ነበር። የፎከሱን ስስ ገጽ አጋድሞ ይህን መልክ የሚፈጥረው ማዘንበሉ ነው። መንሸራተቱ ወደ ኋላ የተጋደሙ የሕንፃ መስመሮችን ለማቅናት ይጠቅማል እንጂ እዚህ ሥራ የለውም። መመሪያችሁ ሁለቱን አንድ ላይ አዳብሏቸዋል።

የፎቶው ምርጫ ከሶፍትዌሩ በፊት ይመጣል። ከከፍታ፣ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ወደ ታች ተጋድሞ የተነሣ፣ ሰማይ የሌለበት ወይም ጥቂት ብቻ የሚታይበት፣ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ ፎቶ ይመረጣል። ቀዳዳው ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ቢሆን ይመረጣል፤ ካሜራው ራሱ ካደበዘዘው በኋላ የትኛው ብለር የማን እንደሆነ ማስተካከል ከባድ ነው። ጥላው ቁርጥ ብሎ የሚታይበት ፀሐያማ ሰዓት ከደመናማው ይሻላል። መኪና፣ ሰው፣ ጀልባ የመሰለ መጠኑን ሁሉም የሚያውቀው ነገር ካልገባበት የሚያንስ ነገር አይኖርም። ድሮን በቀጥታ ቁልቁል ያነሣው ፎቶ ግን ለዚህ አይሆንም፤ መሬቱ በሙሉ ከካሜራው እኩል ስለሚርቅ ብለሩ የሚከተለው ርቀት የለም።

በፎቶሾፕ ፈጣኑ መንገድ ከሲኤስ 6 ጀምሮ ያለው መሣሪያ ነው። ሌየሩን ወደ ስማርት ኦብጀክት ቀይሩ፤ ኋላ ተመልሶ ለማስተካከል ያስችላል። ከዚያ «ፊልተር»፣ «ብለር ጋለሪ»፣ «ቲልት ሺፍት»። ፎቶው ላይ አራት መስመሮች ይወጣሉ፤ በሁለቱ ድፍን መስመሮች መካከል ያለው ክፍል ጥርት ብሎ ይቀራል፣ ከድፍኑ እስከ ቁርጥራጩ መስመር ብለሩ እያደገ ይሄዳል፣ ከቁርጥራጩ ውጭ ያለው በሙሉ አንድ ዓይነት ብለር ያገኛል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቁርጥራጩን መስመር ከድፍኑ አጠገብ ካስቀመጣችሁት ብለሩ ቶሎ ጣሪያው ላይ ይደርስና ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ እንደ ግድግዳ ዝርግ ይሆናል። ቁርጥራጮቹን እስከ ፎቶው ጠርዝ፣ ካስፈለገም ከጠርዙ ውጭ ጎትቷቸው። ድፍኖቹን ደግሞ አቀራርቧቸው፤ ከፎቶው ቁመት አንድ ስምንተኛ ወይም አንድ አሥረኛ ይበቃል። ጥርት ያለው ክፍል መሀል ላይ ካልሆነ፣ ከጥርቱ ክፍል የሚርቀው የፎቶው ጠርዝ ከሚቀርበው ይልቅ መደብዘዝ ስላለበት ሁለቱን ቁርጥራጮች ከድፍኖቹ በእኩል ርቀት አስቀምጡና አጭሩ ወገን በጠርዙ ይቆረጥ።

መስመሮቹን ማዞርም ይቻላል፤ ብዙዎች መንገዱ በሰያፍ ሲያልፍ መስመሩን ከመንገዱ ጋር ያዞሩታል። ይህ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ካሜራው ራሱ ተጋድሞ ካልተነሣ በስተቀር መስመሮቹ ከአድማስ ጋር ትይዩ ሆነው ይቆያሉ፤ መንገዱም ከደበዘዘ ተነሥቶ ጠርቶ ተመልሶ ይደበዝዛል፣ እንደዚያም መሆን አለበት።

ፎቅ ለበዛበት ፎቶ ይህ መሣሪያ አይበቃም። እዚያ ላይ የምንጠቀመው አሮጌውን «ሌንስ ብለር» ነው፣ ርቀቱን ደግሞ በእጃችን እንስልለታለን። አሠራሩ እንዲህ ነው። በቻናል ፓነሉ ላይ አዲስ አልፋ ቻናል (ከፎቶው ቀለም ተለይቶ የሚቀመጥ የጥቁርና ነጭ ምስል) ክፈቱ። ከፎቶው ግርጌ እስከ አድማስ ከጥቁር ወደ ነጭ ቀጥ ያለ ግራዲየንት ሳቡ፤ አድማሱ ከፎቶው ውጭ ከሆነ የት ሊሆን እንደሚችል ገምታችሁ ወደ ውጭ ጎትቱት። ሰማይ ካለ ነጭ ሙሉት። ፎቶሾፕ ጥቁሩን ቅርብ፣ ነጩን ሩቅ አድርጎ ያነበዋል። እስካሁን ያለው የሜዳው ርቀት ብቻ ነው።

አሁን ፎቆቹ። አንዱን ፎቅ በፔን ወይም በላሶ መምረጫ መሣሪያ ከእግር እስከ አናት ምረጡ፣ የምርጫውን ጠርዝ በ1 ፒክስል ብቻ አለስልሱ። የፎቁ እግር መሬቱን የሚነካበትን ቦታ በአይድሮፐር (በቀለም መቅጃው) ነክታችሁ እዚያ ያለውን ግራጫ ውሰዱ፣ ምርጫውን በሙሉ በዚያ ግራጫ ሙሉት። በቃ፤ ፎቁ ከእግሩ እስከ አናቱ አንድ ርቀት ላይ ቆመ። ከእኛ እየራቀ የሚሄድ የጎን ግድግዳ ከሆነ አንድ ግራጫ አይበቃውም፤ ቅርብ ባለው ማዕዘን እግር ያለውን ግራጫና ሩቅ ባለው ማዕዘን እግር ያለውን ግራጫ ወስዳችሁ በምርጫው ውስጥ ከጎን ወደ ጎን ግራዲየንት ሳቡ። ቅደም ተከተሉ ከሩቁ ፎቅ ወደ ቅርቡ ይሁን፤ ቅርቡ ሩቁን እንዲሸፍን እንጂ በተቃራኒው እንዳይሆን። ለዛፍና ለምሰሶም እንዲሁ። እያንዳንዷን ቁጥቋጦ መምረጥ ግን አያስፈልግም፤ ቁመቱ ከጥርት ያለው ክፍል ስፋት ያነሰ ነገር ስህተቱ አይታወቅበትም።

ርቀቱ ሲያልቅ ወደ ዋናው የቀለም ቻናል ተመለሱ፣ ሌየሩን አባዙ፣ «ሌንስ ብለር»ን ክፈቱ፣ የርቀት ምንጩን አልፋ ቻናሉን አድርጉ። ጥርት እንዲል የምትፈልጉትን ነገር ቅድመ እይታው ላይ ስትነኩት የፎከሱ ርቀት ራሱ ይስተካከላል። ሁሉም ነገር ተገልብጦ ከመጣ ቻናሉ ተገልብጧል ማለት ነውና «ኢንቨርት»ን ምልክት አድርጉ። ርቀትን በራሳቸው የሚገምቱ አዳዲስ መሣሪያዎች አሉ፣ በላይትሩምም በፎቶሾፕም። ለሰው ፎቶ ደህና ናቸው። ከሩቅ ለተነሣ ከተማ ግን ሩቅ ሩቁን በአንድ ጅምላ ግራጫ የመቀባት ጠባይ አላቸው፤ እንደ መነሻ ወስዶ በእጅ ማረም ይሻላል።

ጋውሲያን ብለርን በማስክ ማውጣት ለምን እንደማይሆን አሁን ማሳየት ይቻላል። ማስኩ ግማሽ ላይ በሆነበት ቦታ የአንድን መስኮት ጠርዝ በ200 ፐርሰንት አጉልታችሁ እዩት። መስመሩ ቁልጭ ብሎ አለ፣ በዙሪያው ደግሞ ሰፊ ጭጋግ አለ። ምክንያቱም ግማሽ ማስክ ማለት ጥርት ያለው ፎቶና ሙሉ በሙሉ የደበዘዘው ፎቶ እኩል ተደርበው ታዩ ማለት ነው። ሌንስ እንዲህ አያደርግም፤ እዚያ ቦታ ላይ መስመሩን በግማሽ መጠን ያደበዝዘዋል እንጂ ጥርቱን መስመር አይተወውም። የብለር ጋለሪውና የሌንስ ብለሩ ብልጫ እዚህ ነው፤ በማስኩ ወይም በቻናሉ መጠን የብለሩን ስፋት ይለዋውጣሉ። ሌላው ልዩነት ቅርጹ ነው። ከፎከስ የወጣ የብርሃን ነጥብ በሌንስ ውስጥ ጠርዙ የሚለይ ክብ ይሆናል፤ ጋውሲያን ግን ወደ ምንም ያሟሟዋል።

የብርሃን ነጥቦች ሌላም ጣጣ አላቸው። የመኪና መስታወት ላይ ያረፈች የፀሐይ ነጸብራቅ በፋይሉ ውስጥ ከ255 (የነጭ የመጨረሻ ቁጥር) በላይ መሄድ ስላልቻለች ተቆርጣለች። ብለሩ ያችን 255 በብዙ ፒክስል ላይ ሲያካፍላት ግራጫ ትሆናለች። በእውነተኛ ሌንስ ግን ብርሃኗ ከዚያ እጅግ ስለሚበልጥ ተዘርግታም ነጭ ትቀራለች። «ሌንስ ብለር» ውስጥ «ስፔኩላር ሃይላይትስ» የሚለው ይህን ለመመለስ ነው፤ ከየትኛው ብሩህነት እንደሚጀምር የሚወስነውን «ትሬሾልድ»ን 245 ወይም 250 ላይ፣ «ብራይትነስ»ን ከ10 እስከ 20 ጀምሩ። ትሬሾልዱ ዝቅ ካለ ነጭ ግድግዳና ነጭ መኪና ሁሉ መንደድ ይጀምራል። በቲልት ሺፍቱ መሣሪያ ውስጥ ያው ሥራ «ላይት ቦኬ» ይባላል፤ እዚያ ላይ እጃችሁን ቆጥቡ።

ጥርት ያለ ፎቅ ከደበዘዘ ዳራ ፊት ሲቆም በጠርዙ ዙሪያ የራሱ ቀለም እንደ ጥላ ፈስሶ ይታያል። ብለሩ ዳራውን ሲያደበዝዝ የፎቁንም ፒክስል አብሮ ስለሚቀላቅል ነው። መፍትሔው ትንሽ አሰልቺ ቢሆንም አያሳፍርም፦ ፎቁን ቆርጣችሁ በራሱ ሌየር አስቀምጡ፣ ከሥሩ ባለው ሌየር ምርጫውን ቢያንስ በብለሩ ስፋት ልክ አስፉትና ቦታውን በዙሪያው ባለው ምስል አስመስሎ በሚሞላው «ኮንቴንት አዌር ፊል» ሙሉት፣ ከዚያ አደብዝዙ፣ ፎቁን ከላይ መልሱ። የተሞላው ቦታ የተዘበራረቀ ቢሆን ግድ የለም፤ ይደበዝዛል።

ብለሩ ስንት ይሁን ለሚለው አንድ ቁጥር የለም፤ የሚለካው ከፎቶው ስፋት ጋር ነው። በ1500 ፒክስል ፎቶ ላይ 15 ፒክስል ብለር፣ በ6000 ፒክስል ፎቶ ላይ ከ60 ጋር እኩል ነው። የፎቶው ስፋት አንድ መቶኛ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ ብዙ ከዘለለ ሩቁ የቀለም ነጠብጣብ ብቻ ይሆንና ከተማ መሆኑ ይጠፋል። መጀመሪያ ቆርጣችሁ ልኩን ጨርሱ፣ ከዚያ አደብዝዙ።

ቀለሙ ሞዴሉን ያጠናቅቃል። ርቀትን ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ በአየር ላይ ያለው ሰማያዊ ጭጋግ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ያለ ሞዴል ጭጋግ የለውም። ስለዚህ ከብለሩ በፊት በፎቶሾፑ የካሜራ ሮው ማስተካከያ ጭጋግ የሚቀንሰውን «ዲሄዝ»ን ከ15 እስከ 30 ስጡት። ከብለሩ በኋላ ካደረጋችሁት ለስላሳው ክፍል ላይ እርከን እርከን መስመር ያወጣል። ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ድምቀት) ከብለሩ በኋላ ከ20 እስከ 30 ከፍ አድርጉ፣ በከርቭስ መሣሪያ ትንሽ ኮንትራስት (የብርሃንና የጥላ ልዩነት) ጨምሩ። ቀይ መኪናና ቀይ ጣሪያ ቀድመው ይሞላሉ፤ ዝርዝራቸው ጠፍቶ ዝርግ ቀይ ከሆኑ ቀዩን ብቻ ለይታችሁ ዝቅ አድርጉ። ሣሩም ቶሎ ኒዮን ይሆናል። ይህን ሁሉ በ16 ቢት (ቀለሙን በብዙ እርከን በሚይዝ ፋይል) ሥሩት። በመጨረሻ 1 ወይም 2 ፐርሰንት ኖይዝ (ደቃቅ ቅንጣት)፣ ቀለም የሌለው፣ በሙሉው ፎቶ ላይ ጨምሩ፤ ብለሩ የፎቶውን ተፈጥሯዊ ቅንጣት ስላጠፋው ጥርት ያለው ክፍል ሻካራ፣ የደበዘዘው ፕላስቲክ መስሎ ይለያያል። ኖይዙ እርከኑንም ይሰብራል። ጄፔግ ሲቀመጥ ጥራቱ ከ12ቱ ከ10 አይውረድ።

ፎቶሾፕ የሌለው ጂምፕ በተባለው ሶፍትዌር መሥራት ይችላል። በአዳዲስ እትሞቹ «ፊልተርስ»፣ «ብለር»፣ «ፎከስ ብለር» ውስጥ ቅርጹን አግድም፣ የብለሩን ዓይነት «ሌንስ ብለር» ማድረግ ነው። በስልክ ደግሞ ስናፕሲድ የተባለው መተግበሪያ «ሌንስ ብለር» አለው፤ ከክቡ ይልቅ ቀጥታውን ምረጡ፣ «ትራንዚሽን»ን ሰፋ አድርጉ፣ «ቪኜት»ን ግን ዜሮ አድርጉት፣ ጠርዙን ማጥቆር ለዚህ ምንም አይጨምርም። በስልክ ፎቅን ለይቶ ማዳን አስቸጋሪ ስለሆነ ሜዳ የበዛበትን ፎቶ መምረጥ ነው። ለቪዲዮ የሚሠራ ሰው በሰከንድ አንድ ፎቶ አንሥቶ በሰከንድ 12 ወይም 15 ቢያጫውተው፣ መኪኖቹ እንደ አሻንጉሊት ቆረጥ ቆረጥ እያሉ ይሄዳሉ፣ ግማሹን ሥራም እንቅስቃሴው ይጨርሰዋል።

ከእናንተ ከአዘጋጆቹ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ መመሪያውን በሚቀጥለው እትም ስታርሙ ቢያንስ የጋውሲያኑ መስመር ወጥቶ የሌንስ ብለሩ ይግባ። ሁለተኛው የዜና ፎቶዎቻችሁን ይመለከታል። ከመመሪያው ጋር የወጣው ናሙና የሰልፍ ፎቶ ነበር። ይህ አሠራር ሰውን አሻንጉሊት ያስመስላል፣ ማን የት እንደቆመም ይሸፍናል። የዜና ወኪሉ አሶሲየትድ ፕሬስ በፎቶ ደንቡ ዳራን በዲጂታል መንገድ ማደብዘዝን የከለከለውም እንዲህ ያለው ነገር ዜና ውስጥ እንዳይገባ ነው። ለጉዞ ገጽ፣ ለማስታወቂያ፣ ለመጽሔት ሽፋን ይሁን፤ ሲወጣም ከፎቶግራፍ አንሺው ስም ቀጥሎ «በአርትዖት የተቀነባበረ» የሚል ይጻፍበት፣ ያልተነካው ፋይልም ከመዝገባችሁ አይጥፋ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የፎቶ አርትዖት ባለሙያ የሆኑ አንባቢዎቻችሁ